ክሪያቲን ልጀምር ነው፤ ስለ ኩላሊት፣ ስለ መጠኑና በጾም ስለ መውሰድ የሚያውቅ ይመልስልኝ

ቤንች_80

ሰላም ለዚህ ቤት። 72 ኪሎ ነኝ፣ ዕድሜ 27፣ በሳምንት አራት ቀን ብረት እሠራለሁ። ክሪያቲን ሞኖሃይድሬት (ብረት የሚሠሩ ሰዎች ለጉልበትና ለጡንቻ የሚወስዱት ዱቄት) ልጀምር ብዬ ብጠይቅ የሁሉም መልስ ይጋጫል። አንዱ «ኩላሊትህን ይጨርሰዋል» ይላል፣ ሌላው «ውኃ ነው እንጂ ጡንቻ አይደለም» ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ በቀን 20 ግራም ካልጀመርክ ገንዘብህን ጣልከው ይላል።

ጥያቄዎቼ፦ ሎዲንግ (መጀመሪያ ሳምንት በብዛት ወስዶ ጡንቻን ቶሎ መሙላት) ግዴታ ነው ወይ? ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምንም እጾማለሁ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብም ውኃም የለም። በዚህ ሁኔታ እንዴት ይወሰዳል? ዱቄቱስ ከሥጋ ነው የሚወጣው? ቡና ያበላሸዋል የሚባለው እውነት ነው? ከመጀመሬ በፊት ምርመራ ያስፈልገኛል? አዲስ አበባ የሚሸጠውንስ ኦሪጅናል መሆኑን በምን ልለይ? ፀጉር ይነቅላል የሚባለውንም ብታነሡልኝ፤ በዘራችን ራሰ በራ ብዙ ነው።

---

ብረት_ለበስ

ከሎዲንጉ ልጀምርልህ። ግዴታ አይደለም፤ የሚጨምረው ፍጥነት ብቻ ነው።

የ70 ኪሎ ሰው ሰውነት ውስጥ 120 ግራም ገደማ ክሪያቲን አለ፣ 95 በመቶ ያህሉ ጡንቻ ውስጥ ነው። ከዚህ በየቀኑ 2 ግራም አካባቢ ፈርሶ በሽንት ይወጣል። ከወጣው ግማሽ ያህሉን ሰውነት ራሱ በኩላሊትና በጉበት ሠርቶ ይተካዋል፣ ቀሪው ከሥጋና ከዓሣ ይመጣል። እንደ ልብ ሥጋ በሚበላ ሰው እንኳ የጡንቻው ጎተራ በአብዛኛው ከ60 እስከ 80 በመቶ ነው የሚሞላው። ዱቄቱ የጎደለችውን ይሞላል፤ ጎተራው ከሞላ በኋላ የምትጨምረው ሁሉ ሽንት ቤት ነው የሚገባው። ስለዚህ «እጥፍ ብወስድ እጥፍ ይሠራል» የሚባል ነገር የለም።

በቀን 20 ግራም ከወሰድክ ከ5 እስከ 7 ቀን ውስጥ ይሞላል። በቀን 3 ግራም ብቻ ከወሰድክ ደግሞ ወደ 28 ቀን ገደማ እዚያው ደረጃ ትደርሳለህ። ይህንን ስዊድን ውስጥ ኤሪክ ሁልትማንና ባልደረቦቹ በ1996 ከጡንቻ ናሙና ወስደው ለክተውታል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ከወር በኋላ ልዩነት ከሌለ የምትቸኩልበት ምክንያት ከሌለህ በቀር ሎዲንግ ዱቄት ማባከን ነው። 300 ግራም ቆርቆሮ በ5 ግራም ሂሳብ 60 ቀን፣ በ3 ግራም ሂሳብ 100 ቀን ይዘልቃል፤ በሎዲንግ ግን በሳምንት ግማሹ ሊሄድ ይቃረባል።

ልትቸኩል ከፈለግህ ስሌቱ 0.3 ግራም በኪሎ ነው፤ ላንተ 21 ግራም ተኩል ገደማ። ሰው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱን ትልልቅ ማንኪያ በአንድ ሼከር በጥብጦ በባዶ ሆድ ይጠጣና ቀኑን ሙሉ ሽንት ቤት ይውላል፣ ከዚያ «ክሪያቲን አልተስማማኝም» ይላል። ያልተስማማው መጠኑ ነው። በአንድ ጊዜ 10 ግራም የወሰዱ ሰዎች 5 ግራምን ሁለት ጊዜ ከፍለው ከወሰዱት ይልቅ በተቅማጥ ይጠቃሉ፤ አንጀት ያልመጠጠው ክሪያቲን ውኃ ወደ ራሱ ስለሚስብ ነው። ስለዚህ 5 ግራም፣ በቀን አራት ጊዜ፣ ከምግብ ጋር። ከሳምንቱ በኋላ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም።

አበጣጠሩም ችግር አለበት። ክሪያቲን በቀዝቃዛ ውኃ በደንብ አይሟሟም። በ20 ዲግሪ አንድ ሊትር ውኃ 14 ግራም ያህል ነው የሚያሟሟው፣ በ50 ዲግሪ 34 ግራም፣ ከማቀዝቀዣ በወጣ በ4 ዲግሪ ውኃ ደግሞ 6 ግራም ብቻ። ስለዚህ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠህ ከጠጣህ ግማሹ ከሼከሩ ሥር አሸዋ መስሎ ይቀራል፣ ታጥቦም ይደፋል። በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ ወይም ሻይ በጥብጠው፣ ሥሩ ላይ የቀረ ካለ ውኃ ጨምረህ አንቀሳቅሰህ ጠጣው። በጥብጠህ ለነገ አታስቀምጥ፤ በተለይ ከሎሚ ወይም ከብርቱካን ጭማቂ ጋር። አሲድ ውስጥ የቆየ ክሪያቲን በቀናት ውስጥ ወደማይጠቅም ክሪያቲኒን ይለወጣል። በደረቁ ግን ቆርቆሮው ተከድኖ ዓመታት ይቆያል፤ ቢጓጉልም እርጥበት አግኝቶት ነው፣ ሰባብረህ ተጠቀምበት።

ሰዓቱ አያሳስብህ። ከስፖርት በፊት ይሁን በኋላ የሚለው ክርክር ለሚጨቃጨቅ ሰው ነው፤ ዋናው በየቀኑ መሆኑ ነው፣ በማትሠራበት ቀንም ጭምር።

«ውኃ ነው» ላለህ ሰው፦ ግማሹ ልክ ነው። በሎዲንግ ሳምንት ክብደትህ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ይጨምራል፤ ያ ውኃ ነው፣ በአብዛኛው ጡንቻው ውስጥ የሚገባ። ከዚያ በኋላ ያለው ግን የሥራው ውጤት ነው። ጡንቻ ውስጥ ያለው ኤቲፒ (የሰውነት ነዳጅ) ከባድ ሥራ ላይ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው የሚበቃው። ፎስፎክሪያቲን (ጡንቻ ውስጥ ፎስፌት ይዞ የተቀመጠው ክሪያቲን) ፎስፌቱን እየሰጠ የተቃጠለውን ኤቲፒ መልሶ ይሠራዋል፣ እሱም 10 ሰከንድ ገደማ ያቆያል። ስለዚህ ለውጡን የምታየው በሦስተኛውና በአራተኛው ዙር (ሴት)፣ መጨረሻዎቹ ድግግሞሾች (ሬፖች) ላይ ነው። በአንድ ክብደት 6 ላይ ትቆም የነበርክ 7 ወይም 8 ታወጣለህ። ጡንቻውን የሚያሳድገው ያ ትርፍ ሬፕ እንጂ ዱቄቱ አይደለም። ክብደቱን ሳይጨምር ዓመቱን ሙሉ ያንኑ 60 ኪሎ የሚገፋ ሰው ክሪያቲን ገዝቶ ምን ያደርግለታል?

ቁጥር ከፈለግህ፦ 22 ጥናቶችን ያሰባሰበ አንድ የ2003 ግምገማ ክሪያቲን ይዘው የሠሩት ጉልበታቸው በአማካይ 20 በመቶ፣ ሳይዙ የሠሩት 12 በመቶ ጨመረ ይላል። ጥሩ ነው፣ ተአምር ግን አይደለም። በ2025 ደግሞ ሲድኒ የሚገኘው የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ 54 ሰዎችን ለ12 ሳምንት አሠርቶ፣ በቀን 5 ግራም የወሰዱትም ያልወሰዱትም እኩል ወደ 2 ኪሎ ስብ ያልሆነ ክብደት ጨመሩ። ይህን የምነግርህ ሻጮች የማይነግሩህ ስለሆነ ነው። ከአምስት ሰው አንዱ ወይም ከዚያ በላይ ጎተራው ከተፈጥሮው የሞላ ስለሆነ ምንም ለውጥ አያይም። ሁለት ወር በትክክል ወስደህ ሬፕህ ካልጨመረ ከእነዚያ ልትሆን ትችላለህ፤ ተወው።

---

ከቤተ_ሙከራ

የኩላሊቱን ነገር ለኔ ተዉልኝ።

ወሬው ከላብራቶሪ ወረቀት ላይ ነው የሚነሣው። ክሪያቲን ሲፈርስ ክሪያቲኒን ይሆናል። ሐኪም የኩላሊትን ሥራ የሚገምተው ደግሞ በደም ውስጥ ባለው ክሪያቲኒን ነው፤ ኩላሊት ካላጣራው ይከማቻልና። ክሪያቲን የሚወስድ ሰው ግን ማጣሪያው ደኅና ሆኖ ሳለ የሚመረተው ራሱ ይጨምራል። ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ ኩላሊቱ ግን ምንም አልሆነም።

በቁጥር ላሳይህ። የወንድ መደበኛ መጠን በአብዛኛው ላብራቶሪ ከ0.7 እስከ 1.3 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። ጡንቻው የዳበረና ክሪያቲን የሚወስድ ሰው 1.4 ሊያነብ ይችላል። ያ 1.4 ለ27 ዓመት ወንድ በቀመሩ ሲገባ ኢጂኤፍአር የሚባለው የማጣሪያ ግምት 70 አካባቢ ይወጣል። ወረቀቱ ላይ ቀይ ምልክት ይታያል፣ ሰውየው ይደነግጣል፣ ያልጠየቀ ሐኪምም «የኩላሊት ችግር ጀምሮሃል» ሊል ይችላል። ቀመሩ የሚያውቀው ዕድሜና ጾታ ብቻ ነው፤ ጡንቻህንም ቆርቆሮህንም አያውቅም። ስለዚህ ሐኪሙ ሳይጠይቅህ በፊት «ክሪያቲን እወስዳለሁ» በለው። ጥርጣሬ ካለ ሲስታቲን ሲ የሚባል ሌላ ምርመራ አለ፣ እሱ ከጡንቻም ከክሪያቲንም ጋር አይያያዝም። ሁሉም ቦታ አይሠራም፤ ትልልቅ የግል ላብራቶሪዎችን ጠይቅ። ካጣህ ክሪያቲኑን ለጥቂት ሳምንት አቁመህ ድገመው። ክሪያቲኒኑ ከወረደ ምክንያቱ ዱቄቱ ነበር፤ ካልወረደ በቀጥታ ወደ ኩላሊት ሐኪም።

ከመጀመርህ በፊት ምርመራ ያስፈልግሃል ወይ ላልከው፦ ጤነኛ ወጣት ከሆንክ የግድ አይደለም፣ ግን እኔ አድርገው ነው የምልህ። ምክንያቱ ዱቄቱን በመፍራት አይደለም። መነሻ ቁጥር ካለህ ኋላ የሚመጣውን የምታወዳድርበት አለህ። ክሪያቲኒን፣ የሽንት ምርመራ (ፕሮቲን መኖር አለመኖሩ)፣ የደም ግፊትና ስኳር ይበቃሉ። እኛ አገር ግፊትና ስኳር ሳያውቁት ይዞ የሚዞር ሰው ብዙ ነው፣ ኩላሊትን የሚጎዱትም በዋናነት እነሱ ናቸው። ደም ከመስጠትህ በፊት ሁለት ቀን ከባድ ስፖርት አትሥራ፤ በዋዜማው ጥብስ አትብላ። ሥጋ ሲበስል ክሪያቲኑ በከፊል ወደ ክሪያቲኒን ስለሚለወጥ ለሰዓታት የደሙን ቁጥር ይገፋዋል።

ለጤነኛ ሰው ጉዳቱ ተፈልጎ አልተገኘም። ቤልጂየም ውስጥ በ1999 ለረዥም ጊዜ ክሪያቲን የወሰዱ ስፖርተኞች ኩላሊት ተመርምሮ ካልወሰዱት ጋር አንድ ሆኖ ተገኝቷል። ዓለም አቀፉ የስፖርት ሥነ ምግብ ማኅበር በ2017 ባወጣው አቋም እስከ አምስት ዓመት በቀን እስከ 30 ግራም የወሰዱ ሰዎችን ጥናት ጨምሮ ተመልክቶ ጉዳት አላገኘም። ሁለት ነገሮች ግን የፍርሃቱ ሥር ሆነዋል። አንዱ በ1998 የታተመ የአንድ እንግሊዛዊ ወጣት ታሪክ ነው፤ ክሪያቲን ጀምሮ የኩላሊቱ ሥራ ወረደ፣ ሲያቆም ተመለሰ። ጋዜጦች የተዉት ነገር ወጣቱ ከዚያ በፊት ለዓመታት የታወቀ የኩላሊት በሽታ የነበረበት መሆኑን ነው። ሁለተኛው በ1997 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሦስት የኮሌጅ ትግል ተጫዋቾች መሞታቸው ነው። መጀመሪያ ክሪያቲን ተጠረጠረ፤ ሲመረመር ግን ኪሎ ለመቀነስ ላስቲክ ለብሰው በሙቅ ክፍል እየሠሩ ውኃ ሳይጠጡ ሰውነታቸው ግሎ ነው የሞቱት።

አሁን መውሰድ የሌለባቸውን ልንገርህ፣ እዚህ ላይ አልለሳለስም። የኩላሊት በሽታ ያለበት፣ አንድ ኩላሊት ያለው፣ ያልተቆጣጠረው ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው ያለ ሐኪሙ ፈቃድ አይንካው። እርጉዝና የምታጠባ እናት ትቆይ። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ምግቡን ያስተካክል።

ስለ መድኃኒት ማንም የማያወራው አንድ ነገር አለ። ዶሉቴግራቪር ያለበትን የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ክሪያቲኒኑ ያለ ክሪያቲንም ትንሽ ከፍ ይላል፤ መድኃኒቱ ክሪያቲኒን በኩላሊት በኩል የሚወጣበትን መንገድ ስለሚያጠብ ነው። አብሮት ያለው ቴኖፎቪር ደግሞ (ለሄፓታይተስ ቢም ይሰጣል) አንዳንድ ሰው ላይ ኩላሊትን በእውነት ሊነካ ስለሚችል ሐኪም የሚከታተለው በዚያው በክሪያቲኒን ነው። በላዩ ክሪያቲን ሲጨመር ትክክለኛው ማስጠንቀቂያ ከሐሰተኛው አይለይም። እነዚህን የሚወስድ ሰው ለሕክምና ክፍሉ ሳይናገር እንዳይጀምር። በጂም ቤት ከረሜላ የሆነው የሕመም ማስታገሻው ዲክሎፌናክም እንደዚሁ፦ ትከሻ ባመመ ቁጥር የሚዋጥ ከሆነ ኩላሊትን የሚጎዳው እሱ ነው፣ ስሙ የሚጠፋው ግን ክሪያቲኑ ነው።

---

ገንፎ_በቅቤ

እናንተ ሰዎች ኬሚካል ማስተዋወቅ ትታችሁ ለልጁ ምግብ ንገሩት። አባቶቻችን ገንፎና ሥጋ በልተው ነው ጉልበተኛ የነበሩት። ይሄ ስቴሮይድ ነው በሌላ ስም።

---

ብረት_ለበስ

ወንድም፣ ስቴሮይድ አይደለም። ስቴሮይድ ሆርሞን ነው፤ ክሪያቲን ከሦስት አሚኖ አሲዶች (አርጂኒን፣ ግላይሲን፣ ሜቲዮኒን) የሚሠራ፣ አንተም አሁን ይህን ስትጽፍ ሰውነትህ ውስጥ ያለ ነገር ነው። በ1832 ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ዩጂን ሼቭሬል መጀመሪያ ያገኘውም ከሥጋ ነው። የሥጋውን ነገር ካነሣህ ስሌቱ ይኸው፦ ጥሬ የበሬ ሥጋ በኪሎ 4 ግራም ተኩል ገደማ አለው። በቀን 5 ግራም ከሥጋ ለማግኘት ከአንድ ኪሎ በላይ ቁርጥ፣ በየቀኑ። አቅሙ ያለው ይብላ።

ስለ ምግቡ ግን እውነት አለህ። ቁርሱን የማይበላ፣ በቀን አምስት ሰዓት ብቻ የሚተኛ፣ ፕሮቲኑ በቀን ከ60 ግራም የማያልፍ የ72 ኪሎ ልጅ ብሩን መጀመሪያ እንቁላልና ምስር ላይ ያውለው። ክሪያቲን ፕሮቲን አይደለም፣ ምግብንም አይተካም።

---

እህት_ፋርማሲ

የጾሙን ጥያቄ እኔ ልመልስ፣ ምክንያቱም ክሪያቲን ለዚህ አገር ሰው ይበልጥ የሚጠቅመው በጾሙ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

ከዕፅዋት የሚገኝ ክሪያቲን የለም ማለት ይቻላል። ሽሮውም፣ ምስሩም፣ ባቄላውም ዜሮ ናቸው። ሥጋና ዓሣ የማይበሉ ሰዎች ጡንቻ ውስጥ ያለው ክሪያቲን ከሚበሉት ያነሰ ሆኖ ይገኛል፣ ዱቄቱን ሲጀምሩም ጭማሪያቸው የበለጠ ነው። ዐቢይ ጾምን 55 ቀን የሚጾም ሰው ሳያስበው ወደዚያ እየቀረበ ነው።

ምንጩን በተመለከተ ገበያ ላይ ያለው ሞኖሃይድሬት ከእንስሳ አይወጣም። ፋብሪካ ውስጥ ሳርኮሲን እና ሲያናማይድ ከሚባሉ ሁለት ኬሚካሎች ነው የሚሠራው። ልታጣራ የሚገባህ ሽፋኑን ነው፦ ካፕሱል ከሆነ ብዙውን ጊዜ ጄላቲን ነው፣ ጄላቲን ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት ነው። በከረሜላ መልክ የሚሸጠውም እንደዚሁ። ንጹሕ ዱቄት ከያዝክ ይህ ጣጣ የለም። በጾም ቀን ሳፕሊመንት መውሰድ ይገባል አይገባም የሚለውን ለንስሐ አባትህ ነው የምትጠይቀው፣ ለፋርማሲ አይደለም።

አወሳሰዱ፦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆይ ከሆነ ሎዲንግ እርሳው። አራት ጊዜ 5 ግራም ከዘጠኝ ሰዓት እስከ መኝታ ባለው ጊዜ ውስጥ ማጨቅ ሆድህን ማወክ ነው። 3 ወይም 5 ግራሙን ጾሙን በፈታህበት ማዕድ፣ ከምግቡ ጋር፣ ከሙሉ ብርጭቆ ውኃ ጋር። በቃ። ለሙስሊም ወንድሞቻችንም በረመዳን ያው ነው፤ ከኢፍጣር በኋላ ወይም በሱሁር። ስኳር ጨምረህ ጠጣ የሚሉህ ስኳሩ የሚያስነሣው ኢንሱሊን ክሪያቲኑን ወደ ጡንቻ ያስገባል ብለው ነው፤ ጥናቱ ላይ የተሰጠው ስኳር ግን በአንድ ጊዜ ከ90 ግራም በላይ ነበር። እንጀራ በልተህ ከወሰድከው ይበቃሃል።

ቡና፦ በ1996 ቤልጂየም ውስጥ የተሠራ አንድ ጥናት ክሪያቲንን ከብዙ ካፌይን ጋር (በኪሎ 5 ሚሊግራም፣ ላንተ 360 መሆኑ ነው) የወሰዱ ሰዎች በጉልበት ላይ ጥቅሙን አላገኙም ብሎ ነበር። የሚገርመው ፎስፎክሪያቲናቸው ግን ጨምሯል። ከዚያ በኋላ የተሠሩት በዚህ አልተስማሙም። የአቦል፣ የቶና፣ የበረካ ሰው ቡናውን ይጠጣ፤ ሁለቱን በባዶ ሆድ በአንድ ላይ ማድረጉ ብቻ ነው ጨጓራን የሚያስቆጣው።

ፀጉር፦ ምንጩ አንድ ጥናት ነው። በ2009 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ 20 ወጣት የራግቢ ተጫዋቾች ሎዲንግ ሲያደርጉ፣ ከራሰ በራነት ጋር የሚያያዘው ዲኤችቲ የሚባለው ሆርሞን በሳምንት 56 በመቶ ጨመረ። መጠኑ ግን ከመደበኛው ክልል አልወጣም፣ የማንም ፀጉር ደግሞ አልተቆጠረም። በ2025 ፀጉሩን ራሱ የለካ የ12 ሳምንት ሙከራ ወጣ፤ በቀን 5 ግራም፣ 45 ወንዶች። በሆርሞኑም በፀጉሩም ልዩነት አልታየም። 12 ሳምንት አጭር ነው ትል ይሆናል፣ ልክ ነህ። በዘርህ ካለ ግን ያለ ክሪያቲንም መሄዱ አይቀርም፤ ቆርቆሮውን አትውቀስ።

ለሴቶችም አንድ ቃል፦ መጠኑ ያው ነው፣ ጢም አያበቅልም፣ ድምፅ አያጎረንንም። በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛን ላይ ወጥታችሁ አትደንግጡ።

---

ከፍራንክፈርት

ስለ ግዢው። ቆርቆሮውን አዙረህ የይዘት ዝርዝሩን አንብብ። «ክሪያቲን ሞኖሃይድሬት» ብቻ መሆን አለበት፤ ቢበዛ ማጣፈጫ። «ማትሪክስ» ወይም «ብሌንድ» የሚል ስም ተሰጥቶት የእያንዳንዱ ግራም ካልተጻፈ ውስጡ 1 ግራም ክሪያቲን ይሁን 4 አታውቅም፤ ፕሪወርክአውት (ከስፖርት በፊት የሚጠጣ ማነቃቂያ) እና ማስ ጌይነር (ክብደት መጨመሪያ ዱቄት) ላይ በብዛት የሚሠራ ብልሃት ነው።

ኤችሲኤል፣ በፈር የተደረገበት፣ ናይትሬት የሚባል ሌላ የክሪያቲን ዓይነት እየተባለ በሦስት እጥፍ ዋጋ የሚሸጠው ከሞኖሃይድሬት ይበልጣል የሚል ማስረጃ የለም። ኤቲል ኤስተር የሚባለው እንዲያውም ሆድ ውስጥ ወደ ክሪያቲኒን እየተለወጠ ከርካሹ ያንሳል። በሙጫ ከረሜላ መልክ የሚሸጠው ደግሞ ሲመረመር ከተጻፈው እጅግ ያነሰ፣ አንዳንዱም ምንም ክሪያቲን የሌለው ሆኖ ተገኝቷል። ሲሠራ ሙቀትና አሲድ ስለሚነካው አይገርምም።

ቆርቆሮው ላይ ክሪያፑር የሚል ምልክት ካለ ጥሬ ዕቃው ጀርመን ባቫሪያ፣ ትሮስትበርግ ከተማ ካለው ከአልዝኬም ፋብሪካ የመጣ ነው። ያ ምልክት ጥሬ ዕቃውን ይናገራል፤ ያለቀለትን ቆርቆሮ የሚመረምሩት ደግሞ ኢንፎርምድ ስፖርት እና ኤንኤስኤፍ ሰርቲፋይድ ፎር ስፖርት ናቸው። የባቹን (አብሮ የተመረተውን ዙር) ቁጥር ድረ ገጻቸው ላይ አስገብተህ ታጣራለህ። ምልክት ማተም ለአጭበርባሪ ቀላል ነው፣ የባች ቁጥር መግጠም ግን ያስቸግረዋል።

አዲስ አበባ ላይ አብዛኛው በሻንጣ ነው የሚገባው። በፌስታል ተመዝኖ የሚሸጥ አትግዛ፣ ርካሽ ቢሆንም። የአፉ ፎይል የተነካ፣ የማለቂያ ቀኑ ላይ ስቲከር የተለጠፈበት፣ የባች ቁጥር የተፋቀ ካየህ ተው።

ቤት ውስጥ የሚደረግ ፍተሻ አለ፣ ቀላሉን ማጭበርበር ብቻ የሚይዝ። 5 ግራም በ300 ሚሊ ሊትር ሙቅ (እጅ የሚችለው) ውኃ ጨምረህ አማስል። ንጹሕ ክሪያቲን ሟሙቶ ውኃው ጥርት ይላል። ነጭ ደመና ሆኖ ከቀረ ወይም ካጣበቀ የእህል ዱቄት ተቀላቅሎበታል። ቁስል ላይ ከሚደረገው አዮዲን ጠብታ ጣልበት፣ ሰማያዊ ወይም ጥቁር ከሆነ ስታርች አለበት። ቅመሰው፦ ክሪያቲን ጣዕም የለውም ማለት ይቻላል፣ ትንሽ መረር ይል ይሆናል። ያለ ማጣፈጫ ጣፋጭ ከሆነ ግሉኮስ ነው። ውኃውን ስታቀዘቅዘው ማታ አድሮ ሥሩ ላይ ነጭ ቅንጣት ከዘቀጠ ጥሩ ምልክት ነው፤ ስኳር አይዘቅጥም። ይህን ሁሉ ቢያልፍም ውስጡ የብረት ብክለት ወይም ሌላ ቅሪት እንደሌለ አይነግርህም፣ እሱ የላብራቶሪ ሥራ ነው።

ማንኪያውንም አትመነው። በቆርቆሮው ውስጥ ያለው ስኩፕ ዱቄቱ ታምቆ ወይም ተንፍቶ እንደ ሆነ ይለያያል። አንዴ በትንሿ ዲጂታል ሚዛን ለክተህ የት ድረስ ሲሞላ 5 ግራም እንደሚሆን በእስክሪብቶ ምልክት አድርግበት።

---

ቤንች_80

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ይህን ያህል አልጠበቅሁም። ሁለት ቀሩኝ። በየሁለት ወሩ ማቋረጥ ያስፈልጋል ይላሉ፣ እውነት ነው? አብሮኝ የሚሠራ ጓደኛዬ ደግሞ ረዥም ርቀት ሯጭ ነው፣ ክለብ ውስጥ። ለእሱም ላካፍለው ወይ?

---

ብረት_ለበስ

ማቋረጥ አያስፈልግም። ሰውነት የራሱን ምርት ትንሽ ይቀንሳል፣ ስታቆም ይመለሳል። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥም ጡንቻህ ወደ መነሻው ይወርዳል፤ ስለዚህ እያቋረጡ መጀመር የሞላውን ማፍሰስ ብቻ ነው። አንድ ቀን ከረሳህ በማግስቱ እጥፍ አትውሰድ፣ ዝም ብለህ ቀጥል።

ለሯጩ አይሁን። የ10 ሺህ ወይም የማራቶን ሰው ኃይሉ የሚመጣው ከኦክስጅን ነው፣ ፎስፎክሪያቲን አይደለም የሚያደርሰው። የሚተርፈው 1 ኪሎ ውኃ ተሸክሞ እንጦጦን መውጣት ነው። አጭር ርቀት ሯጭ ወይም አሎሎ ወርዋሪ ቢሆን ሌላ ነገር ነበር።

---

እህት_ፋርማሲ

ጨምሬ ልበል፦ ክሪያቲን በዓለም አቀፉ የፀረ ዶፒንግ ድርጅት የተከለከለ አይደለም፣ ኖሮም አያውቅም። ችግሩ አብሮት ሊገባ የሚችለው ነው። ፋብሪካው በዚያው ማሽን ሌላ ነገር ከፈጨበት፣ ስፖርተኛው ናሙናው ላይ ለተገኘው ሁሉ ተጠያቂው ራሱ ነው፤ «አላወቅሁም» ማለት ከቅጣት አያድነውም። ክለብ ያለው ሰው ባቹ ያልተመረመረ ቆርቆሮ ጓደኛው ቢሰጠውም አይቅመስ፤ ከክለቡ ሐኪም ወይም ከኢትዮጵያ ፀረ-ዶፒንግ ባለሥልጣን ሳይጠይቅ ምንም ሳፕሊመንት አይጀምር። ያንተን ቆርቆሮ ለራስህ ያዝ።